አማቴ ሦስት ያመጡ ቀን

አማቴ ፊደል አልቆጠሩም፤ ቁጥር ላይ ግን ማንም አይደርስባቸውም። ዕድሜ ልካቸውን ከሐይቁ ማዶ፣ ቁንዝላ ላይ፣ ጀልባው ከሚቆምበት ዳር ተቀምጠው ዓሣ የሸጡ ሴት ናቸው። ወረቀት እጃቸው ሲገባ ዓይናቸው ፊደሉን እንደ ሣር እየረገጠ ያልፍና ቁጥሩ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ቁጥሩ ትልቅ ከሆነ ወረቀቱን ይወዱታል።

ልጃቸውን ሳገባ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ በማታው ትምህርት ሰባተኛ ክፍል ነበርሁ። ለምን እንደዘገየሁ ሌላ ታሪክ ነው። የዚያን ዓመት ካርዴን ይዤ ቤት ስገባ፣ ከቁንዝላ ሊጠይቁን መጥተው ነበርና ተቀበሉኝ፤ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አዩ፤ ከዚያም ሳሎኑ ግድግዳ ላይ የነበረውን የባሌን ፎቶ አወረዱና በምስማሩ ላይ ካርዴን ሰቀሉት። ፎቶው ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ገባ። ባሌ ዝም ብሎ አየ። እሱ የጀልባ ሞተር ጠጋኝ ነው፤ ፈታትቶ ያላየው ነገር ላይ አስተያየት አይሰጥም።

ከዚያ ወዲህ ስምንተኛ ክፍል፣ አሥረኛ፣ አሥራ ሁለተኛ፣ የቤተ መጻሕፍት ዲፕሎማዬም ጭምር በየተራቸው ግድግዳው ላይ ወጡ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ የውኃ ቆጣሪ ንባብ ከዲፕሎማዬ ጎን ተሰቅሎ አገኘሁ። ለማውረድ አልደፈርሁም። ቁጥሩ ከሁሉም ይበልጥ ነበር።

ከተጋባን በኋላ ባሉት አሥራ አንድ ዓመታት ውስጥ ግን ስለ ልጅ አንዲት ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። ሌሎች አማቶች ገና በር ላይ ሆነው የሚጠይቁትን እሳቸው አልጠየቁኝም። እኔም ያንን ዝምታ እንደ ተዋስሁት መጽሐፍ ያዝሁት፤ ገጹ እንዳይታጠፍ፣ ላብ እንዳይነካው እየተጠነቀቅሁ። ለምን ዝም እንዳሉ አላውቅም ነበር። ተስፋ ቆርጠውብኝ ይሆናል ብዬ አስብ ነበር።

ባለፈው ዓመት ሚያዝያ፣ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት እንደሞላኝ፣ ከባሌ ጋር ተማክረን ለማንም ሳንናገር የማህፀን ሐኪም ዘንድ ሄድን። ሐኪሙ ሆዴን ቀኝና ግራ እየተጫነ መረመረኝ፤ አልትራሳውንድ አነሣኝ፤ ምንም አላየም። ቀጥሎ ቀለም ገብቶ የሚነሣ ራጅ ያስፈልጋል አለ፤ የማህፀን ቱቦዎቼ ክፍት መሆናቸው የሚታወቀው በዚያ ነው። ነገር ግን የደም ምርመራው መጣና አንድ ሲአርፒ የሚባል ፕሮቲን ሃያ አራት ሆኖ ተገኘ።

«ይሄ የብግነት ምልክት ነው» አለኝ። «ከአሥር በታች ካልወረደልኝ ቀለሙን አላስገባም። የተደበቀ ኢንፌክሽን ካለ ራሴ ወደ ላይ እገፋዋለሁ።»

«ካልወረደስ?»

«እንጠብቃለን። እኔ ግን ከሐምሌ በኋላ እዚህ የለሁም፤ ለትምህርት እሄዳለሁ። ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ ወረፋ መያዝ ነው።» ፋይሉን እየዘጋ፣ «ሌላ የሚያምሽ ቦታ አለ?» አለኝ።

«የለም» አልሁ።

ራጁ የሚነሣው የወር አበባ በጸዳ በጥቂት ቀን ውስጥ ነው። ስለዚህ ሦስት ዕድል ነበረኝ፤ ግንቦት፣ ሰኔና ሐምሌ። የአዲስ አበባው ወረፋ ለእኔ አርባ ዓመት ማለት ነበር።

የምሠራው ፔዳ በሚባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ፣ ቤተ መጻሕፍት ነው። መጽሐፍ እደረድራለሁ፤ በቦታው ያልተቀመጠ መጽሐፍ ሳይ ያመኛል። በምሳ ሰዓት የሕክምና መደርደሪያው ሥር ተቀምጬ ስለዚህ ፕሮቲን ያለውን ሁሉ አነበብሁ። እንደገባኝ ከሆነ ሰውነታችን ሁለት ዓይነት ጠባቂ አለው። አንደኛው የተማረ ነው፤ አንድ ጊዜ ያየውን ጀርም መልኩን ይይዛል፣ ሁለተኛ ሲመጣ ለይቶ ይመታዋል። ሁለተኛው አብሮን የሚወለድ ነው። አይማርም፣ አያስታውስም። እንግዳ ነገር ሲሸተው ይጮሃል፤ ጩኸቱን የሰሙ ፕሮቲኖች ይሰበሰባሉ፤ ቦታው ይቀላል፣ ይሞቃል፣ ያብጣል። ያለ እነሱ ደግሞ ልጅ የለም። እንቁላል በየወሩ ከከረጢቷ ፈልቅቃ የምትወጣው በእነሱ ትንሽ ግርግር ነው፤ ፅንስም ማህፀን ላይ ሲጣበቅ ያግዙታል። ሲበዙና አልበርድ ሲሉ ግን የሚጠብቁትን ቤት ያቃጥላሉ፤ ቱቦው ጠባሳ ይዞ ይዘጋል።

ዘግይቼ የተማርሁ ሰው ስለሆንሁ ልቤ ለተማረው አደላ። ያልተማረውን ትንሽ ናቅሁት። አንድ ዓረፍተ ነገር ላይም ቸኮልሁ፤ ሲአርፒን የሚሠራው ጉበት ነው፣ እሳት መኖሩን እንጂ የት መሆኑን አይናገርም ይል ነበር። አንብቤ ገጹን ገለበጥሁ። የት እንደሆነማ አውቃለሁ ብዬ።

አማቴ በዚያው ሰሞን ለጉልበታቸው መድኃኒት ፍለጋ ከቁንዝላ በጀልባ መጥተው ፋሲሎ ሰፈር ያለው ቤታችን አረፉ። በመጡ በማግሥቱ ዓሣ ልንገዛ አብረን ወጣን። ከተሜው ሰው ዓሣ ሲገዛ ሆዱን በጣቱ ይጫናል፤ እሳቸው በዚህ ሁልጊዜ ይስቃሉ። እሳቸው የዓሣውን ጉንጭ በአውራ ጣታቸው ብድግ አድርገው ውስጡን ያያሉ። ቀይ ከሆነ ይይዛሉ፤ ከጠቆረ ይጥላሉ። «ሆድ ምን ይናገራል?» ይላሉ። «ሁሉም ሆድ ለስላሳ ነው።»

ከዚያ ገበያ ስንመለስ ጠረጴዛ ላይ የረሳሁትን የምርመራ ወረቀት አነሡት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የደም ምርመራ ነው እማማ።»

«ሃያ አራት!» አሉ። ታናሽ ልጃቸው እርጉዝ ሳለች ደሟ ዘጠኝ ነው፣ አንሷል ተብላ ነበር፤ በስንት ምግብ አሥራ ሁለት ሲደርስ ቤተሰቡ ሁሉ ተደስቷል። «አልሐምዱሊላህ! አንቺ ልጅ፣ የሁለት ሰው ደም ነው የያዝሽው!»

አለመሆኑን መናገር ነበረብኝ። ግን ያንን ለመናገር ለምን እንደተመረመርሁ መናገር ሊኖርብኝ ነው፤ ለምን እንደተመረመርሁ ለመናገር ደግሞ አሥራ አንድ ዓመት የጠበቅሁትን ዝምታ መቅደድ ነው። ዝም አልሁ። ወረቀቱ ከውኃ ቆጣሪው ንባብ ሥር ተሰቀለ።

ሐኪሙ ያዘዘልኝን የኢንፌክሽን መድኃኒት ዋጥሁ። በግንቦት ተለካሁ፤ አሥራ ሦስት። ሐኪሙ «እየወረደ ነው፣ ጥሩ ነው፤ ግን ገና ነው» ብሎ አንዱን ዕድል ሰረዘብኝ። ባሌ ወረቀቱን ሲያይ ፊቱ በራ። እናቱ ከእጁ ተቀብለው ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ።

«አሥራ አንድ ደም የት ሄደ?»

«እማ፣ ምንም አይደለም…» አለ ባሌ።

«አንተ ዝም በል! ሚስትህን ሥራ እያበዛህባት ነው።» ወደ እኔ ዞሩ። «አይዞሽ ልጄ። ጉበት ነው መድኃኒቱ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልብስ እንዳጥብ አልተፈቀደልኝም። ባሌ ከሥራው በኋላ ወለል ይጠርጋል። እኔ ተቀምጬ ጉበት እበላለሁ፤ ጠዋት ጥብስ፣ ማታ ቅቅል። ቀን ቀን ፕሮቲኑ ጉበት ውስጥ እንደሚሠራ አነባለሁ፤ ማታ የበሬ ጉበት ይቀርብልኛል። ዓይን ዓይኔን ስለሚያዩኝ ሁሉንም ጨርሼ እነሣለሁ።

በሰኔ ልለካ ስሄድ «እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ» አሉ። «ብቻሽን እየሄድሽ ነው ዝቅ ያልሽው።» እንዴት ብዬ ልከልክል? ደሜን ሰጥቼ መቀመጫው ላይ ጠበቅን። የላቦራቶሪዋ ልጅ በመስኮቱ ወረቀቱን ስታቀብል ቀድመው ተቀበሏት።

«ሠላሳ አንድ!»

እልልታቸው ኮሪደሩን ሞላው። ሁለት ሴቶች ምን እንደሆነ ሳያውቁ አገዟቸው። አንዱ ሽማግሌ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሉኝ። እኔ የወረቀቱን ቁጥር ከሩቅ እያየሁ ሰኔን ከዕድሎቼ ሰረዝሁ። አማቴ ግን በዚህ አላበቁም፤ እጅጌያቸውን ጠቅልለው ክንዳቸውን በመስኮቱ አስገቡ።

«እኔንም ለኪኝ።»

«ማዘዣ አለዎት እማማ?»

«ክንድ አለኝ።»

«የምን ምርመራ ነው የሚፈልጉት?»

«የእሷን! እሷ የተለካችውን!»

ልጅቷ አየችኝ፤ እኔ መሬት አየሁ። ቀዳችላቸው። እኔ ወደ ሐኪሙ ገባሁ።

ሐኪሙ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበ። መድኃኒት ስወስድ ይወርዳል፣ ስጨርስ ይወጣል፤ አልገባውም። «አንድ ዕድል ቀርቶናል» አለ። «ሐምሌ ላይ ካልወረደ ለአዲስ አበባ ደብዳቤ እጽፍልሻለሁ።» ሆዴን እንደገና ተጫነ። ሁለት ሳምንት ጠብቀን እንድንለካ ተስማማንና እንባዬን በነጠላዬ ጫፍ ጠርጌ ወጣሁ።

አማቴ መቀመጫው ጥግ ላይ ተኮራምተው አገኘኋቸው። በእጃቸው ወረቀት ይዘዋል። ፊታቸው ከእኔ ይበልጥ ገርጥቷል።

«ምን ሆኑ እማማ?»

«ሦስት» አሉ።

መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ «እማማ፣ ሦስት እኮ በጣም ጎበዝ ነው!» ትላለች። «ዝም በይ አንቺ፣ ሰባት ልጅ ወልጄ ሦስት? ምራቴ ሠላሳ አንድ እያመጣች?» ይሏታል። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሦስት ደም ይዤ ነው ከቁንዝላ እስከዚህ የመጣሁት?» አሉኝ።

ባጃጅ ውስጥ ስንገባ ፋሲሎ እንሂድ አልሁ፤ እሳቸው ወደ ሐይቁ ንዳ አሉ። አገራቸው ገብተው መሞት ፈለጉ። በመንገዱ ላይ ተናዘዙ። መረባቸው ለታላቁ ልጃቸው፤ ትልቁ ድስት ለታናሿ፤ የሐር ሻሻቸው ለእኔ። ደሞ ወደ ባለባጃጁ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ሦስት ደም ይዞ ሐይቅ መሻገር ይቻላል?» አሉት።

«ጀልባው ካልሞላ ማን ይከለክልዎታል እማማ» አለ።

ባሌ ዳር ላይ አንድ ሞተር ፈትቶ በዘይት ተነክሮ ነበር። እናቱን ደግፌ ሳመጣ ብሎኑን እንደያዘ ብድግ አለ። የቁንዝላ ጀልባ የዚያን ቀን አልነበረም። አማቴ የተገለበጠ ታንኳ ላይ ተቀመጡና «እዚሁ እጠብቃታለሁ» አሉ። ጀልባዋን ይሁን ሞትን አላብራሩም።

ሰው በእኔ ዝምታ ምክንያት ሞቱን እየጠበቀ ነው። ከዚህ በላይ መጠንቀቅ አልቻልሁም። አጠገባቸው ቁጭ አልሁ።

«እማማ፣ ይሄ ቁጥር የደም ልክ አይደለም። ሰውነት ውስጥ ብግነት ሲኖር የሚበዛ ነገር ነው። ሲያንስ ነው ጤና። እርስዎ ጤነኛ ነዎት።»

«እኔ ጤነኛ ነኝ?»

«አዎ።»

ቀለማቸው ተመለሰ። «ታዲያ አንቺስ?»

«እኔ ሠላሳ አንድ ነኝ።»

«ያ ረቢ!» እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ያ ሁሉ ጉበት! እልል ያልሁት! ለመሆኑ ምን ልትሆኚ ነው የምትለኪው?»

ባሌ ብሎኑን እያየ፣ «ልጅ ፈልገን ነው እማ» አለ። «መንገዱ ክፍት መሆኑን ሊያዩላት ነው፤ ይሄ ቁጥር ካልወረደ አያዩላትም። ሐምሌ የመጨረሻዋ ነው።»

አማቴ ወደ እኔ ዞሩ። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር።

«አንቺ ልጅ ትፈልጊ ነበር እንዴ?»

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።»

«እኔ እኮ ትምህርቱ የበለጠብሽ መስሎኝ!» አሉ። «ወላሂ፣ የቁንዝላን ሴት ሁሉ አፍ የዘጋሁት እኔ ነኝ። ትምህርቷን ትጨርስ፣ ማንም እንዳይጠይቃት፣ የጠየቃት ከእኔ ጋር ተጣላ ብዬ! አሥራ ሁለተኛን ጨረሰች ስል ዲፕሎማ ጀመርሽ። ዲፕሎማውን ስትጨርሽ ዲግሪ ትጀምራለች ብዬ ስንት ቀን ዱዓ አደረግሁ፤ እንዳትጀምሪ!»

እኔ የእሳቸውን ዝምታ ስጠብቅ፣ እሳቸው የእኔን ሲጠብቁ ኖረናል። ባሌ በሁለታችን መካከል ሞተር ሲፈታና ሲገጥም ኖሯል።

ረኀቡ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ባሌ የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ አመጣና እዚያው ታንኳው ላይ ዘርግተን መብላት ጀመርን። አማቴ ሁለተኛ ዕድሜ ስላገኙ በደንብ በሉ። እየበሉ ይጠይቁኛል።

«እሳቱ ማህፀንሽ ውስጥ ነው?»

«አዎ እማማ።»

«ማን አየው?»

«ማንም አላየውም። ግን…»

«ሐኪሙ ምን አደረገ?»

«ሆዴን ተጫነ።»

አማቴ እጃቸውን ከዓሣው ላይ አነሡ። ከተሜ ዓሣ ሲገዛ እንደሚያዩት አዩኝ። ከዚያ አኝኬ እስክውጥ አፌን ይከታተሉ ጀመር፤ የዓሣ አጥንት ባለበት ቤት ያደገ ሰው የሌላውን ሰው አፍ ማየት ልማዱ ነው።

«አንቺ፣ ለምንድን ነው በግራ ብቻ የምትበይው?»

«ለምዶብኝ ነው።»

«አፍሽስ ለምን ሁልጊዜ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይላል? እኔ ለጥሩ ጠረን መስሎኝ።»

መልስ ከመስጠቴ በፊት የዓሣ ዘይት ያለበት አውራ ጣታቸው ጉንጬ ውስጥ ነበር። ብድግ አደረጉት፤ ፊቴን ወደ ፀሐይ መለሱ፤ አጎንብሰው አዩ። ዳር ላይ የቆሙ ሁለት ዓሣ አጥማጆችም አጎንብሰው አዩ።

«ጠቁሯል» አሉ አማቴ። «ይሄ ይጣላል።»

ከታች በቀኝ በኩል ያለው መንጋጋዬ ከተበላ ሁለት ዓመት አልፎታል። ሲነሣብኝ ቅርንፉድ እጎርስበታለሁ፤ ሲተወኝ እረሳዋለሁ። ሐኪሙ ሌላ የሚያምሽ ቦታ አለ ወይ ሲል ጥርሴ ትዝ ሳይለኝ ቀርቶ አይደለም። ስለ ማህፀን ሄጄ ስለ ጥርስ ማውራት ሥነ ሥርዓት የሌለው ሰው ሥራ መሰለኝ። ጥርስ የራሱ መደርደሪያ አለው፤ ማህፀን የራሱ። ያ የገለበጥሁት ገጽ ያኔ ትዝ አለኝ። እሳት መኖሩን እንጂ የት መሆኑን አይናገርም። ምን ያህል ቃል በቃል እንዳስታወስሁት ሳስብ አፍራለሁ።

በማግሥቱ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄድን፤ ሦስታችንም። ጥርሱ ሲወጣ ከሥሩ መግል የቋጠረ ከረጢት ይዞ ወጣ። ሐኪሟ «ይሄን ይዘሽ እንዴት ትተኚ ነበር?» አለችኝ። አፌ በጥጥ ተሞልቶ ስለነበር አማቴ መለሱልኝ፤ «በግራዋ።»

ሐምሌ ዝናቡ ሳያባራ ተለካሁ። አራት። ሐኪሙ ወረቀቱን ሲያይ ከወንበሩ ብድግ አለ።

«ምን አደረግሽ?»

«ጥርሴን አስነቀልሁ።»

መነጽሩን አወለቀ። «የትኛውን?» አለ፤ ስነግረው ፋይሌ ላይ ጻፈው።

ራጁን ያነሣኝ ሊሄድ አምስት ቀን ሲቀረው ነው። ቀለሙ ሲገባ አመመኝ፤ ጮህሁ ማለት እችላለሁ። ከዚያ ስክሪኑን አዞረልኝ። በቀኝ በኩል ነጩ መስመር ትንሽ ሄዶ እንደ ተቆረጠ ክር ቆሟል። በግራ በኩል ግን ቀጠን ብሎ ሄዶ ሄዶ መጨረሻው ላይ እንደ ጭስ ተበተነ።

«በግራ መንገድ አለ» አለኝ። «ስድስት ወር በራሳችሁ ሞክሩ።» የቀኙ የተዘጋው በጥርሱ ምክንያት ነው አላለም፤ እኔም አልልም። ልክ ያልሆነ ነገር መጻፍ አልወድም።

ኮሪደሩ ላይ ለአማቴ ነገርኋቸው። «በግራ» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። «በምትበይበት በኩል ነዋ።» ይህን የሚያስተባብል መጽሐፍ ስላላነበብሁ ዝም አልሁ።

ቤት እንደደረስን ሃያ አራትን፣ አሥራ ሦስትንና ሠላሳ አንድን አውርደው ቀደዷቸው። አራትን ሰቀሉ። ሦስትንም ከጎኑ ሰቀሉ፤ ከእኔ ትንሽ ከፍ አድርገው። ከዚያ ቁንዝላ ደወሉ። ሰኔ ላይ ሠላሳ አንድ ማምጣቴን ለዘመድ ሁሉ ተናግረው ስለነበር ነገሩ ከባድ ሆነ።

«አራት አመጣች!» ሲሉ ሰማሁ።

«አይዞሽ እትዬ» አለች አንዷ በስልኩ ማጉያ። «ቀስ እያለች ታሻሽላለች።»

«ምን አይዞሽ ትይኛለሽ! እልል በይ እንጂ!»

እልል አሉ። እንደ ሐዘን ቤት እልልታ ነበር።

ይህን የምጽፈው ሐኪሙ ከሰጠን ስድስት ወር አራተኛው ላይ ሆኜ ነው። እስካሁን የለም። አማቴ ወደ አገራቸው ከመመለሳቸው በፊት መዶሻ ተውሰው ከአራቱና ከሦስቱ አጠገብ አንድ አዲስ ምስማር መቱ። ምንም አልሰቀሉበትም። ባሌ ባዶውን ምስማር ሲያይ ፊቱ በራ፤ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ፎቶውን አወጣ፣ አቧራውን በእጅጌው ጠረገና ለእናቱ አቀበላቸው።

አማቴ ፎቶውን ተቀብለው አዩት። መልሰው ሰጡት።

«ያንተ ይቆይ» አሉት።